«ፓትሪሺያን» በአማርኛ ማን ነው? መኳንንት፣ መሳፍንት ወይስ ባላባት?

ቃል ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጥንቷ ሮም አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። ንጉሡን አባርረው ሪፐብሊክ ስላቆሙበት ጊዜ ነው የሚያወራው፤ በትውፊቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት 509 መሆኑ ነው። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆሜ ቀረሁ። «ፓትሪሺያን»ን «መኳንንት»፣ «ፕሌቢያን»ን «ድሃው ሕዝብ» አልኩት። ሳነበው ግን አልጣመኝም። ጭራሽ አንድ ቦታ ላይ «ሀብታም ፕሌቢያን» የሚል መጣ። «ሀብታም ድሃ» ልበል እንዴ? እርዱኝ።

የላቲን ጀማሪ፦
ሃሃ፣ «ሀብታም ድሃ» ተመችቶኛል። ፕሌቢያን መሆን እኮ የኪስ ጉዳይ አይደለም፣ የትውልድ ነው። ከፓትሪሺያን ቤት፣ ማለት ከጥንቶቹ ትልልቅ የሮም ቤቶች፣ ያልተወለደ ዜጋ ሁሉ ፕሌቢያን ነው። በሬ የሌለውም፣ ሰፊ መሬት ያለውም። ድሃው የሚጮኸው ስለ ዕዳና ስለ መሬት ነበር፤ ሀብታሙ ደግሞ ሹመት አምሮታል። በ367 ዓ.ዓ. የወጡት ሕጎች ሦስቱንም አንድ ላይ ይዘው መጡ። ከሁለቱ ቆንስሎች፣ ማለት ከአገሪቱ የዓመት መሪዎች፣ አንዱ ፕሌቢያን እንዲሆን መንገድ የከፈቱትም እነሱ ናቸው። «ተራው ሕዝብ» በይው፣ ወይ «ፕሌቢያን» ብለሽ ተዪውና አንዴ አስረጂ።

የድሮ መምህር፦
ልጄ፣ «መኳንንት»ም አይሆንም። በእኛ አገር ወግ መኳንንት በሹመት ነው። ንጉሥ ይሾማል፣ ንጉሥ ይሽራል። መሳፍንት ግን በዘር ነው። ፓትሪሺያኖቹም በዘር ስለሆኑ ወደ መሳፍንት ይጠጋሉ። ነገር ግን መሳፍንት ሲባል የንጉሥ ደም ትዝ ይለናል። ሮማውያን ደግሞ «ሬክስ»፣ ማለት ንጉሥ፣ የሚለውን ቃል ለዘመናት ሲጸየፉት ኖረዋል። ለመሪዎቻቸው እንኳ ሥልጣኑን ለሁለት ከፍለው፣ በአንድ ዓመት ገድበው ነው የሰጡት።

እኔ ብሆን «ባላባት» እላለሁ። ቃሉን እስቲ ፍቺው፦ ባለ አባት። አባት ያለው ማለት ነው። «ፓትሪሺያን»ም «ፓተር» ከሚለው የመጣ ነው፤ አባት።

የላቲን ጀማሪ፦
መምህር፣ እጅ ነሥቻለሁ! አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ የ300 ዓ.ዓ.ን አንድ ክርክር ይተርካል። ጉዳዩ ፕሌቢያኖች ካህን ይሁኑ አይሁኑ ነው። ፑብሊየስ ዴሲየስ ሙስ የሚባል ፕሌቢያን ተነሥቶ ይናገራል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ድሮ ፓትሪሺያን ማለት አባቱን ጠቅሶ መናገር የሚችል ሰው ማለት ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። እንዲያ ከሆነ እኔም አባቴን እጠራለሁ፣ ቆንስል ነበረ፤ ልጄም ነገ ቆንስል የሆነ አያት ይጠራል። «የማን ልጅ ነህ?» ለሚል ሰው ከዚህ የባሰ መልስ አለ? እንግዲህ «ባላባት» ብትይ የዴሲየስ ነገር በአማርኛም እንዳለ ይሠራልሻል። «መኳንንት» ካልሽ ግን ይሞታል።

የሰኞ ሰው፦
ሴኔትስ? እሱም ከ«ሴኔክስ» ነው፣ ሽማግሌ። የእኛም ሽማግሌ እኮ ዕድሜም ነው፣ ሥራም ነው። ሴኔቱ በወጉ ምክር ሰጪ ነው እንጂ ሕግ አውጪ አልነበረም። ምክሩን ገፍቶ የሚሄድ ቆንስል ግን ብዙ አልነበረም። የሽማግሌ ቃል አይረገጥም በሚባል አገር ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቃል ለቃሚ፦
«ባላባት» ገባ፣ ተመስገን። አሁን «ቪቶ» መጣ። ትሪቢዩኖቹ ቪቶ አላቸው ይላል። ዜና ላይ እንደምንሰማው «ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት» ብዬ አለፍኩት። ልክ ነኝ አይደል?

የላቲን ጀማሪ፦
ኧረ በፍጹም! ያ የጸጥታው ምክር ቤት ነው። እዚያ አሥራ አምስቱ አባል አገሮች እጃቸውን ያወጣሉ፣ ድምፅ ይቆጠራል፣ ከአምስቱ ቋሚ አባላት የአንዷ የተቃውሞ ድምፅ የሌሎቹን ይሽራል። ትሪቢዩኑ ግን ድምፅ ሰጥቶ አይደለም የሚያስቆመው። «ቪቶ» አንድ ግስ ናት፦ «እከለክላለሁ»። አለቀ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እይው። በ494 ዓ.ዓ. በዕዳ የተማረሩ ፕሌቢያኖች፣ ወታደሮቹ ማለት ናቸው፣ ከተማዋን ትተው ቅዱስ ተራራ የሚባል ቦታ ወጡ። ጦርነት አለ፣ የሚዋጋ የለም። ባላባቶቹ ተጨነቁና ተደራደሩ። ፕሌቢያኖቹ የራሳቸውን ጠባቂዎች ይዘው ተመለሱ፣ ትሪቢዩኖቹን። የእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያ ሥራ ሹም አንዱን ምስኪን ሲያስይዘው መሀል መግባት ነው። ሮማውያን ራሳቸው «ኢንተርሴሲዮ» ይሉታል፤ ቃሉ ሲፈታ መሀል መግባት ነው። ትሪቢዩኑን የነካ ደግሞ የተረገመ ነው፣ ቢገደል ጠያቂ የለውም። ጉልበቱ የድምፅ ቆጠራ ሳይሆን ገላው ነበር። ቤቱ ቀንም ሌሊትም ክፍት እንዲሆን ይጠበቅበት ነበር። ለምን? ለሚሮጥ ሰው መሸሸጊያ እንዲሆን ነው።

የድሮ መምህር፦
ይሄማ «በሕግ አምላክ!» ነው።

የላቲን ጀማሪ፦
መምህር!!! እንዴት አላየሁትም? በትክክል! ግን አንድ ልዩነት አለ። «በሕግ አምላክ»ን ድሮ መንገደኛውም ይላት ነበር፣ የተባለው ሰው እዚያው ይገተር ነበር። በሮም ግን ይህን ማለት የሚችለው የተመረጠው ሰው ብቻ ነው።

የሰኞ ሰው፦
ለትርጉሙ «የመከልከል ሥልጣን» ይበቃል። «በሕግ አምላክ»ን ማብራሪያው ላይ አድርጊው። ዋናው ጽሑፍ ላይ ካስገባሽው ትሪቢዩኑ ጋቢ ለብሶ ይታየኛል።

ቃል ለቃሚ፦
ሃሃ እሺ። የመጨረሻዬ፣ እግዜር ያክብራችሁ። «ክሊየንስ» ይላል። ትልቅ ሰው ተጠግቶ የሚኖር፣ ለጌታው ድጋፍ የሚሰጥ፣ እሱም ፍርድ ቤት የሚቆምለት። «ደንበኛ» ብል የሱቅ ይመስላል።

የሰኞ ሰው፦
«ደጅ ጠኚ»! በኋላ ዘመን ጠዋት ጠዋት የጌታቸው በር ላይ ተሰልፈው እጅ ይነሡ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቃል አታገኚም።

የድሮ መምህር፦
ይጠጋል፣ ግን ጎደሎ ነው። የእኛ ደጅ ጠኚ ጠብቆ ጠብቆ ባዶ እጁን ቢመለስ የሚጠይቅለት የለም። እነሱ በ450 ዓ.ዓ. ገደማ በጻፏቸው 12ቱ የሕግ ሰሌዳዎች ላይ ግን ደጅ ጠኚውን ያታለለ ጌታ የተረገመ ይሁን ይላል። «ተጠጊ» ትችያለሽ፣ ትንሽ ደረቅ ናት እንጂ።

ቃል ለቃሚ፦
ደጅ አስጠንቶ የተረገመ ሹም እኔም አይቼ አላውቅም። «ተጠጊ» ብዬ ልሂድ።