የዕቅድ ውይይት፦ የሞለኪውል ደመናን እፍግታ እንዴት እንለካ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በከዋክብት መካከል ስላሉት የሞለኪውል ደመናዎች (የጋዝና የአቧራ ክምችቶች) አንድ የጋራ ዕቅድ እናቀርባለን ብለን ነበር። ረቂቁ ይኸው፦ «ማኅበሩ ኦሪዮን፣ ታውረስና ባርናርድ 68 የተባሉትን ደመናዎች አማካይ እፍግታ ለክቶ ያወዳድራል።» ቁረጡ፣ ቀጥሉ። ይሉኝታ አያስፈልግም።

የፎቶ ቡድን፦
ኦሪዮን ይቅደም። ፎቶው ሰው ይስባል።

የትንተና ቡድን፦
ይሉኝታ ከሌለማ ልናገር። «አማካይ» የምትለዋ ቃል ዕቅዱን ከጅምሩ ታበላሸዋለች። የአንድ ትልቅ ደመና አማካይ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ጥቂት መቶ ሞለኪውል ቢሆን ነው። ውስጡ ያሉት ጓሎች ግን ሺዎች ይደርሳሉ። ኮከብ የሚወለድባቸው እምብርቶች ደግሞ ከ10,000 አልፈው እስከ ሚሊዮን ይሄዳሉ። የደመናው አብዛኛው ቦታ ስስ ነው። አማካዩ ታዲያ የትኛውን ነው የሚነግረን?

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ጥያቄዬ የልጅ ሊመስል ይችላል። ሚሊዮን ሞለኪውል ብዙ ነው እንዴ? የምንተነፍሰው አየርስ ስንት ነው?

የትንተና ቡድን፦
የልጅ አይደለም፣ እህቴ። በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ ወደ 27 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውል አለ። ከዚያ አንጻር «የታፈገ» የምንለው እምብርት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ብርሃን የሚጋርደው በርቀቱ ብዛት ነው። ባርናርድ 68 ትንሽ ነው እንላለን፤ ከዳር እስከ ዳር ግን ግማሽ የብርሃን ዓመት ያህል ነው፣ ወደ 5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር። ያን ሁሉ መንገድ ስስ አቧራ ቢሞላው ከኋላ ያለው ኮከብ ይጠፋል።

የራዲዮ ቡድን፦
የመለኪያውም ነገር አለ። ደመናው በአብዛኛው ሞለኪውላዊ ሃይድሮጅን ነው። እሱ ደግሞ በ10 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ብርድ ጭጭ ይላል፣ ሞገድ አይልክልንም። ስለዚህ የምናዳምጠው ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው፤ ዊልሰን፣ ጄፈርትስና ፔንዚያስ በ1970 ኦሪዮን ውስጥ ያገኙትን የ2.6 ሚሊ ሜትር ሞገድ። ግን ምስክሩ ሁሌ አይታመንም። ጋዙ ሲበዛ የምናየው የፊት ለፊቱን ብቻ ይሆናል። እምብርቱ ጋ ስንደርስ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አቧራው ላይ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል። በጣም በምንፈልገው ቦታ ላይ ይሰወራል ማለት ነው። አሞኒያ እዚያ የተሻለ ይቆያል።

አስተባባሪ፦
ቆይ ቆይ። እንግዲያው አንዱ ደመና በአንዱ መለኪያ ሙሉ፣ በሌላው ጎዶሎ ሊታይ ነው? እኔ ከሦስት ደመና ንጽጽር ይልቅ ይሄ ይስበኛል። አንድ ደመና፣ ሁለት መለኪያ።

የፎቶ ቡድን፦
እሺ፣ ኦሪዮኔን ተውኩላችሁ። ባርናርድ 68 ከሆነ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያነሳሁት ቀን ፎቶው መሐል ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ካሜራው ላይ ጉድፍ ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ለካ ደመናው ራሱ ነው! ውስጡ አንድ ኮከብ እንኳ አይታይም።

የትንተና ቡድን፦
ያ ነው ጥቅሙ። ቅርብ ስለሆነ ከፊቱ የሚያሳስት ኮከብ የለም፤ የምንቆጥረው ሁሉ ከኋላው ነው። አልቬስና ሁለቱ ላዳዎች የተባሉ የከዋክብት ተመራማሪዎች በ2001 ያሳተሙት ሥራ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። መሐሉ ላይ የሚታየው ብርሃን ወደ 30 ማግኒቲውድ (የከዋክብት ድምቀት መለኪያ) ይደበዝዛል፤ ከትሪሊዮን አንድ እጅ ነው የሚያልፈው። በኢንፍራሬድ፣ ዓይናችን በማያየው ከቀይ ባለፈ ብርሃን፣ ግን ድብዘዛው ወደ 3 ማግኒቲውድ ይወርዳል፤ ከ16 አንድ ያህል ያልፋል። ስለዚህ የጠፉት ከዋክብት ቀልተው ብቅ ይላሉ። የቅላታቸው መጠን በመንገዳቸው ላይ ስንት አቧራ እንዳለ ይነግረናል።

ነባር አባል፦
ልጆች፣ አንድ ቀዳዳ አየሁ። ቅላቱ የሚሰጠን በእይታችን መስመር ላይ የተደረደረውን ድምር ነው። እፍግታ ለማለት ጥልቀቱ ያስፈልጋል። ወርዱንስ አየን፣ ጥልቀቱን ማን አየው?

የትንተና ቡድን፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ረቂቁ ላይ ይግባ። ባርናርድ 68 ክብ ቢጤ ስለሆነ ጥልቀቱን ከወርዱ ጋር እኩል ብለን እንነሳለን። የ2001ዱ ሥራም የውስጥ ግፊቱ ከስበቱ ጋር የተመጣጠነ ሉል አድርጎ ነው የገጠመው፤ መሐሉ ላይ ጠፍጠፍ ያለ፣ ወደ ዳር የሚሳሳ። ኦሪዮን ላይ ይሄን ብንሞክር ጉድ ይፈላል፣ ቅርጹ ዝብርቅርቅ ነው።

ነባር አባል፦
የታውረስን ክሮችስ? ኸርሸል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ያሳያቸውን?

የራዲዮ ቡድን፦
ለሁለተኛው ዙር ይቆዩልን፣ ጋሼ። ወርዳቸው በየቦታው 0.1 ፓርሴክ (የብርሃን ዓመት ሲሶ ያህል) ገደማ ነው የሚለው ነገር ራሱ ገና ክርክር አለበት። እዚያ ከገባን አንወጣም። ይልቅ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የቱ-ማስ ካታሎግ (መላውን ሰማይ የሸፈነ የኢንፍራሬድ ከዋክብት ዝርዝር) ለጠርዙ ይበቃል፣ መሐሉ ላይ ግን ደካማ ከዋክብቱን አይደርስባቸውም። ለመሐሉ ከአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ክፍት መዝገብ ምስል ማውረድ አለብን።

አስተባባሪ፦
የተሻሻለው ይኸው፦ «ማኅበሩ የባርናርድ 68ን እፍግታ ከጠርዝ እስከ እምብርት በከዋክብት ቅላት ይገምታል፤ ደመናውን ክብ አድርጎ መውሰዱን በግልጽ ይጽፋል። ውጤቱን ከታተሙ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያዎች ጋር አስተያይቶ ሁለቱ የት ላይ እንደሚለያዩ ያሳያል።» የሚቃወም አለ?

የፎቶ ቡድን፦
የለም። ፎቶው ግን የእኔ ይሁን።

አዲስ አባል፦
የቆጠራውን ሰንጠረዥ እኔ ልጀምር? ሰማዩን በካሬ ስከፍል ካሬው ስንት በስንት ይሁን?

የትንተና ቡድን፦
ጀምሪ። ደመናው ከዳር እዳር 3 ወይም 4 የቅስት ደቂቃ ቢሆን ነው (የቅስት ደቂቃ የዲግሪ 1/60 ነው፣ የቅስት ሰከንድ ደግሞ የእሱ 1/60)። ካሬውን ካሳነስሽው መሐሉ ላይ ኮከብ አታገኚም፤ ካተለቅሽው እምብርቱን ከጠርዙ ጋር ትደባልቂዋለሽ። በ20ም በ40ም የቅስት ሰከንድ ሠርተሽ ላኪልኝ። ባዶ የቀረውን ካሬ ዜሮ ብለሽ እንዳትሞዪው፣ ባዶውን ተዪው።