የጫካ አስተማሪዎች የሙያ ማህበር፦ የአባልነት መስፈርቱ ላይ ቆመናል

ጤና ይስጥልኝ። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ልጆች የምናስተምር 7 ሰዎች ነን። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ጽድን ከባሕር ዛፍ በማሽተት ይለያሉ። አሁን የሙያ ማህበር ልናቋቁም ነው። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማህበር ለመመሥረት 5 አባላት ስለሚበቁ ቁጥሩ አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን የመተዳደሪያ ደንቡ ነው።

መጀመሪያ «ዲግሪ ያለው» ብለን ጻፍን። ያኔ የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ ውጭ ቀሩ። የጅብ ዱካ ማንበብን ልጆቹም እኛም የተማርነው ከእሳቸው ነው! ያለ እሳቸው ማህበሩን አልፈልገውም። «ልምድ ያለው» ብለን ስንቀይረው ደግሞ ረቂቁን ያየልን የሕግ ባለሙያ «ይሄማ ማንንም ያስገባል» ብሎ መለሰው።

የሙያ ማህበር ያቋቋማችሁ፣ የምስክር ወረቀት የሌለውን አዋቂ ሳይገፋ የሙያውን ደረጃ የሚያስጠብቅ የአባልነት መስፈርት ደንቡ ላይ እንዴት አድርገን እንጻፈው?