«ድሪንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አልኮልን ብቻ የሚያመለክተው መቼ ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በምማርበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሙ ታካሚውን «ዱ ዩ ድሪንክ?» ሲለው ታካሚው «ኖ» ብሎ ይመልሳል። የሚጠጣው ነገር ሳይጠቀስ ጥያቄው ስለ አልኮል መሆኑ በምን ይታወቃል? «ድራንክ» እና «ድረንክ» የሚሉት ቅርጾችም ይምታቱብኛልና ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
ግሱ ያለ ተሳቢ ሆኖ የሰውን ልማድ ሲናገር አልኮልን ያመለክታል። በአማርኛም «እሱ አይጠጣም» ሲባል ሰውየው ውሃ አይቀምስም ብሎ የሚረዳ የለምና አጠቃቀሙ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዋናው ነገር ልማድ መሆኑ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ስለሚፈጸም ድርጊት ከተነገረ፣ ለምሳሌ «ዘ ካት ኢዝ ድሪንኪንግ» ከተባለ፣ ድመቷ ውሃ ወይም ወተት እየጠጣች ነው ከማለት አያልፍም። ስም ሲሆንም እንዲሁ በዐውዱ ይለያል፦ «ኤ ድሪንክ ኦፍ ዎተር» የሚጠጣ ውሃ ሲሆን፣ «ሌትስ ጎ ፎር ኤ ድሪንክ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢራ ወይም ወይን ለመጠጣት የሚቀርብ ግብዣ ነው። ለስላሳው «ሶፍት ድሪንክ» የተባለውም አልኮል ካለበት መጠጥ እንዲለይ ነው።

መልስ 2፦
ስለ ቅርጾቹ እኔ ልጨምር። በ«ኤ» የሚጻፈው ድራንክ ራሱን ችሎ የሚቆም የኃላፊ ጊዜ ግስ ነው፤ «አይ ድራንክ ዘ ሚልክ» ማለት ወተቱን ጠጣሁት ማለት ነው። በ«ዩ» የሚጻፈው ድረንክ ግን «ሃቭ»ን ወይም «ሃድ»ን ተከትሎ ይመጣል፤ ከ«አም» ወይም ከ«ኢዝ» ቀጥሎ ስለ ሰው ሲነገር ደግሞ ስካርን የሚገልጽ ቅጽል ይሆናል። ስለዚህ «አይ ሃቭ ድረንክ ዘ ሚልክ» ወተቱን ጠጥቼዋለሁ ሲሆን፣ «አይ አም ድረንክ» ሰክሬያለሁ ነው፤ ይህን ልዩነት አጥብቀው ይያዙት። ጠጥቶ ማሽከርከርን ብሪታንያውያን «ድሪንክ ድራይቪንግ»፣ አሜሪካውያን «ድረንክ ድራይቪንግ» ይሉታል።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። «መድኃኒቴን ጠጣሁ» ለማለትስ ይኸው ግስ ያገለግላል?

መልስ 3፦
ለመድኃኒት የተለመደው ግስ «ቴክ» ነው፤ ሽሮፕም ቢሆን ያው ነው። ሾርባ በማንኪያ ሲሆን «ኢት»፣ ከኩባያ ሲጎነጩት «ድሪንክ» ይባላል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛውያን ትምባሆ ማጨስንም «ድሪንክ» ይሉት ነበር፤ ዛሬ ግን ለዚህ የሚያገለግለው «ስሞክ» ነው።