ቀይ ቀበሮ ለምንድነው በአመት አንዴ ብቻ የምትወልደው?

የሮቤው፦
ሰላም ጓዶች፣ እንስሳት ላይ የተማረ ካለ እስኪ ያስረዳኝ። ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ ላይ አስጎብኚዎቹ እንደሚሉት ቀይ ቀበሮ የምትወልደው በአመት አንዴ ነው፣ እሱም ክረምቱ ከወጣ በኋላ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ባለው፣ ሁሉም መንጋ በተቀራራቢ ጊዜ። የኛ ሰፈር ውሻ ግን ወር አይመርጥም፣ የውሻ ሰርግ ጾም የለ ፋሲካ የለ። ዘመድ አይደሉም እንዴ? ደግሞ የባሰው፣ ከመንጋው የምትወልደው አለቃዋ ሴት ብቻ ሆና ሌላዋ ያልወለደችው ቡችሎቹን ታጠባለች አሉኝ። ሳትወልድ ወተቱ ከየት መጣ??

የከብት ሐኪም፦
እኛ ክላስ የተማርነው ዋናው ነገር ብርሃን ነው። ጭንቅላት ውስጥ ያለች ፓይኒያል የምትባል ትንሽዬ እጢ ማታ ማታ ሜላቶኒን ታመነጫለች፣ ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒኑም ደም ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት ይቆያል፣ ሰውነት ወቅቱን የሚያውቀው በዚህ ነው። መልእክቱ ፒቱታሪ በምትባል ሌላ የጭንቅላት እጢና በታይሮይድ ሆርሞን በኩል ዞሮ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ጋ ሲደርስ፣ ጂኤንአርኤች የሚባለው መራባትን የሚያስነሳ ሆርሞን ይከፈታል ወይ ይዘጋል፣ እሱ ከተዘጋ ሴቷ ድራት አታሳይም (ወንድ አትፈልግም)፣ የወንዱም ቴስቶስትሮን (የወንድነት ሆርሞኑ) ይወርዳል። በግና አጋዘን ሌሊት ሲረዝም ለስሪያ ይነሳሉ፣ ፈረስ ቀን ሲረዝም። ተቃራኒ ይመስላል ግን ሂሳቡ መውለጃው ላይ ነው፣ በግ 5 ወር ፈረስ 11 ወር ስለሚያረግዙ ሁለቱም የሚወልዱት ሳር ሲበቅል ነው።

ሀበሻ በስኮትላንድ፦
ትክክል ነው፣ እዚህ ቀይ አጋዘኑ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያብዳል በቃ። አንገቱ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያገሳ ያድራል፣ ምግብ እንኳን በቅጡ አይበላም። ግልገሎቹ ሰኔ አካባቢ ይወለዳሉ። ቴስቶስትሮኑ ሲወርድ ደግሞ ያ ሁሉ ቀንዱ በጸደይ ወልቆ ይወድቃል ከዛ እንደገና ያበቅላል።

መንዜ፦
ስኮትላንድ እሺ፣ ግን ባሌ እኮ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ በአመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። በብርሃን ብቻ ቢሆን የመንዝ በግም ወቅት ጠብቃ ትወልድ ነበር፣ እኛ ጋ ግን አመቱን ሙሉ ትወልዳለች። እኔ ዝናቡና ምግቡ ነው የምለው፣ ቡችሎቹ ከጉድጓድ ሲወጡ ዝናቡ አልፎ አይጡና ፍልፈሉ በደንብ የሚገኝበት ጊዜ መሆን አለበት። ሐኪም አይቆጣኝ እንጂ ፈረንጅ አገር ላይ የተጻፈን ነገር እንዳለ እዚህ አምጥቶ መለጠፍ አይሰራም።

የከብት ሐኪም፦
አልቆጣም 😄 ሐሩር አካባቢ ላይ ብርሃኑ ደካማ ምልክት ነው፣ ልክ ነህ።

ጭላዳ፦
የወተቱን እኔ ልመልስ። ውሻና ዘመዶቿ ከሌላው እንስሳ የሚለዩበት ነገር አለ፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ ብታረግዝም ባታረግዝም ፕሮጄስትሮኗ (እርግዝናን የሚጠብቀው ሆርሞን) 2 ወር ገደማ ከፍ እንዳለ ይቆያል፣ የእርግዝናው ጊዜም ያው 2 ወር ነው። ከዛ ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድ ፕሮላክቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ይነሳል፣ ወተት የሚያመጣው እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ሳታረግዝ ጡቷ አብጦ ጫማ አቅፋ የምትተኛ ውሻ አይታችሁ ይሆናል፣ የውሸት እርግዝና ማለት እሱ ነው።

ቀይ ቀበሮ ላይም ባሌ ውስጥ ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ጠቅላላ ቁጥሯ 500 አካባቢ የሆነችን እንስሳ በየቀኑ ይዘህ ደም አትቀዳማ፣ ስለዚህ ሰገራዋን ለቅመው ነው ሆርሞኑን የለኩት። በስሪያ ወቅት ኢስትሮጅን (ድራት የሚያመጣው ሆርሞን) ከፍ ያለው አለቃዋ ላይ ብቻ ነው፣ የበታቾቹ ላይ ምንም። በኋላ ግን አለቃዋ አርግዛ እያለች ከበታቾቹ አንዳንዶቹ ፕሮጄስትሮናቸው ከፍ አለ፣ ቡችሎቹንም ሲያጠቡ ታዩ። ስለዚህ የበታቾቹን ከመራባት የሚያግዳቸው የአለቃዋ መኖር ይመስላል፣ ወቅቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ።

የሮቤው፦
ዋው አመሰግናለሁ። ውሻውስ ታዲያ?

ጭላዳ፦
ውሻ ሰው ጋ ሲኖር ወቅት የመጠበቁን ነገር ተወው፣ ትራፊ መቼም አይጠፋ። ሴቷ በ6 በ7 ወር ድራት ታሳያለች፣ ወንዱ አመቱን ሙሉ ዝግጁ ነው። ሁሉም ውሻ ግን አይደለም፣ ባሰንጂ የሚባለው የኮንጎ ዘርና የአውስትራሊያው ዲንጎ እስካሁን በአመት አንዴ ናቸው።

መንዜ፦
ለዛ ነዋ ወንዱ ውሻ ተራራ ላይ ሲወጣ ችግር የሚሆነው! ሴቷ ቀበሮ ከራሷ መንጋ ወንድ ይልቅ የጎረቤት መንጋ ወንድ ስትቀበል ነው ብዙ ጊዜ የሚታየው፣ እና ጎረቤቱ ውሻ ሲሆንስ? እዛው ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ላይ ከውሻ የተዳቀሉ ተገኝተዋል፣ እናትየው ቀበሮ አባትየው የእረኛ ውሻ።