የወጣት ማዕከሉ ቁልፍ ማን ጋ ይሁን?

የግሩፑ አስተዳዳሪ፦ የሳምንቱ ክርክር ይኼ ነው። በጎጃም ከተሞች ያሉት የወጣት ማዕከላት ቀበሌ ሥር ይቆዩ ወይስ ለወጣት ክበባት ይሰጡ? ስድብ የለም። የጸጥታውን ጉዳይ ለሌላ ቀን እንተወው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቀበሌ ሥር ይቆዩ። ሕንፃው የሕዝብ ነው፤ የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል። ለክበብ ስጡት ካላችሁ ዓመት ሳይሞላ ቴሌቪዥኑም ወንበሩም የት እንደገባ አይታወቅም።

የቡሬ ልጅ፦ አሁንስ ይታወቃል እንዴ? ኪኪኪ። እኛ ሰፈር ማዕከሉ ውስጥ የቀረው አንድ ፑል ነው። ጨርቁ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ እሱም በጨዋታ ይከፈልበታል። "ቤተ መጻሕፍት" የሚል ታፔላ አለ። በሩ ሲከፈት የምታገኘው የተደራረበ የስብሰባ ወንበር ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ ልጆች፣ ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በደርግ ጊዜ ወጣቱ መጀመሪያ በቀበሌ ማኅበር፣ ኋላ በአኢወማ፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር፣ ተደራጀ። ቀበሌው ሁሉ ኪነት ነበረው። ውድድሩ ከቀበሌ ተነስቶ አውራጃ፣ ከዚያም ክፍለ ሀገር ይደርሳል። ብዙ ልጅ መድረክ የለመደው እዚያ ነው፤ ይኼን አልክድም። ግን ስም ይጠራ ነበር። የቀረ ይጠየቃል። በ1983 ሥርዓቱ ሲወድቅ ማኅበሩም አብሮ ወደቀ። የራሱ እግር አልነበረውማ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና የፀረ ኤድስ ክበባቱስ? በ1990 የኤድስ ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ክበቡ እንደ አሸን ፈላ። ገበያ መሀል በሜጋፎን ድራማ ይሠራ ነበር። ማንም አላስገደደንም።

ጡረተኛው መምህር፦ ልክ ነህ የኔ ልጅ። ግን አበሉ ሲቆም ስንቱ ክበብ ተረፈ? አንዱ በመንግሥት ትእዛዝ፣ አንዱ በረጂ ገንዘብ ቆመ። የወጣቶች ፖሊሲው በ1996 ወጣ፤ ማዕከል መገንባቱም የጦፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ጥቃቅንና አነስተኛ ሲመጣ ደግሞ "ተደራጁ" ማለት "ብድር ውሰዱ" ሆነ። በ2009 የ10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲታወጅ ስለ ቲያትር ክበብ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። ሥራ መፈጠሩ ደግ ነው። ክበቡን ግን ዋጠው።

የቡሬ ልጅ፦ እኔም የምለው ይኼንን ነው። የሰፈር ኳስ ቡድን ሜዳ ለመጠየቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ማኅተሙ ያለው ቀበሌ ነው። ኃላፊው ስልጠና ሄዷል። ተመልሶ ሲመጣ ውድድሩ አልፏል። እድራችንን እዩት፤ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ንብረት ያዥ አለው። ድስት ያጠፋ ይከፍላል። በቀበሌ አይደለም የኖረው።

ከፍኖተ ሰላም፦ እድር የሚያዋጣው ገቢ ያለው ሰው ነው። የ17 ዓመት ልጅ ምን ያዋጣል? መብራቱን ማን ይከፍላል?

እህታችሁ ከሞጣ፦ ቁልፍ፣ ቁልፍ ትላላችሁ። ቀበሌም ያዘው ክበብ፣ የሚይዘው ወንድ ነው። ፑሉ ጋ ቆማ የምትውል ሴት አይታችኋል? ብትቆምስ ሰፈሩ ምን ይላል? እኔ እህቴን የምልክበት፣ ሳይመሽ የሚዘጋ የንባብ ክፍል ነው የምፈልገው። ኮሚቴው ግማሹ ሴት ይሁን፤ ከዚያ ለፈለጋችሁት ስጡት።

ከዳንግላ፦ ይኼኛው አፍ ያስይዛል።

ከፍኖተ ሰላም፦ እሺ፣ ንብረቱ ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ከተፈረመ ግማሽ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። የመብራቱን ግን አልመለሳችሁም።

የቡሬ ልጅ፦ አዳራሹ ለሰርግ ይከራይ። ቀበሌውስ እያከራየው አይደል? ኪራዩ ላይ ጠብ የለኝም። ገንዘቡ በክበቡ ሒሳብ ይግባ፣ ደረሰኙም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።