የጉድጓዱ ፕሮፖዛል ላይ የጨውም ጉዳይ ይግባ

ጸሐፊ፦ ሰላም የአገሬ ልጆች፣ የውሃ ጉድጓዱን ድራፍት አይታችሁታል ብዬ ነው። ውሃው ላብ ሲሄድ ምን ምን ይታይ የሚለው ላይ ሃሳብ ስጡ፣ እሁድ መዝጋት አለብን።

ሲስተር፦ ፍሎራይድ ገብቷል፣ ይታይ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ይበልጥ የስምጥ ሸለቆ ጣጣ ነው፣ እነ ዝዋይ እነ መቂ አካባቢ ነው የሰው ጥርስ የሚበልዘው። የኛ የጎጃም ደጋ ችግር እንቅርት ነው፣ እሱ ደግሞ አዮዲን ሲያንስ የሚመጣ ነው። ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፣ ከዛ ውሃውም እህሉም ባዶ ይሆናል፣ ዳጉሳ ሲበዛበት ደግሞ ይብሳል። እናቴ እስክታርፍ ድረስ አንገቷን በነጠላ ሸፍና ነው የኖረችው፣ ፎቶ ስትነሳ እንኳን እስከ አገጯ ትስበው ነበር። እና እብጠቱ የሚታየው ነው እንጂ ትልቁ ጉዳት ፅንስ ላይ ነው፣ እርጉዝ አዮዲን በጣም ካጣች የልጁ አእምሮ ይጎዳል፣ ከተወለደ በኋላ ደግሞ አይመለስም።

ሒሳብ ያዥ፦ ነፍሳቸውን ይማር ሲስተር። ታዲያ ውሃው ባዶ ከሆነ ለምን ታንከሩ ላይ አዮዲን አንጨምርበትም? ክሎሪን ባጀት ውስጥ አለ፣ አብሮ አይሄድም?

ሲስተር፦ አይ ጋሼ፣ እሱን መጠኑን መቆጣጠር ይከብዳል፣ ሲበዛም እኮ እንቅርት ያመጣል፣ ቻይና ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃው አዮዲን በዝቶበት ሰው የሚታመምባቸው ቦታዎች አሉ። ለዛ ነው መጀመሪያ ይለካ የምለው። መፍትሄው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ እርጉዝ 250፣ መንግስትም በ2003 ዓ.ም የምግብ ጨው አዮዲን ይኑረው ብሎ ደንብ አውጥቷል።

አባል ከባህር ዳር፦ ደንቡማ አለ፣ ገበያውን ግን እዩት። ባለፈው ለለቅሶ ስሄድ ጨው ተራ ጋ ቆሜ ነበር፣ ጆንያው አፉ ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ስሩ ርሶ ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሴትየዋ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጣለች። አፍዴራ፣ ጨው የሚመረትበት አፋር ላይ፣ አዮዲኑ በደንብ ቢጨመርበት እንኳን እንዲህ ሆኖ ድስት ውስጥ እስኪገባ ምን ይተርፋል?

ሲስተር፦ በትክክል! ለሱ ቴስት ኪት አለ፣ ፈሳሹ ጨዉ ላይ ጠብ ሲደረግ አዮዲን ካለው ወደ ሰማያዊ ይቀየራል፣ ተማሪዎች ከየቤታቸው ቆንጠር አድርገው አምጥተው ራሳቸው ሊሰሩት ይችላሉ። መጠኑን በትክክል ስለማይነግር ግን ጥቂት ሳምፕል ላብ ይሂድ፣ ቤት ሲደርስ በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊግራም መኖር አለበት። እናቶችም ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩ የሚለው በጤና ኤክስቴንሽኖቹ በኩል ይነገር።

ጸሐፊ፦ ተስማምተናል መሰለኝ። የውሃ ምርመራው ላይ አዮዲን እጨምራለሁ፣ የትምህርት ቤቱን የጨው ቴስት ደግሞ ለብቻው ክፍል አደርገዋለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ የኪቱን ዋጋ እስከ አርብ አመጣለሁ። ለጨው ሻጮቹም ክዳን ያለው ባልዲ ያዙልኝ፣ ስንት ሻጭ እንዳለ ባህር ዳር ያለሽው ቁጠሪልን።