«ሎግ ኢን» ውስጥ ያለው «ሎግ» ምንድን ነው? በተኑ ላይስ ምን ይጻፍ?

ገጽ_07፦
አንድ አፕ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። «ሎግ ኢን» የሚለው በተን ላይ ስንደርስ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ሎግ ማለት መዝገብ ላይ ማስፈር ነውና "ይመዝገቡ" ይባል» ይላል፣ ግማሹ «"ይግቡ" ይበቃል» ባይ ነው። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ ሎግ ግንድ ነው ይላል። ግንድና መዝገብን ምን አገናኛቸው? በእንግሊዝኛ ሲጻፍስ አንድ ቃል ነው ሁለት?

ቋጠሮ፦
ግንዱም መዝገቡም ልክ ነው፤ ያገናኛቸው መርከብ ነው። ድሮ የመርከብ ፍጥነት የሚለካው ገመድ የታሰረበት እንጨት፣ ማለትም «ሎግ»፣ ከኋላ ባሕር ላይ በመጣል ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ቦርን እ.ኤ.አ. በ1574 ስለዚህ ዘዴ ጽፏል። ኋላ ላይ እንጨቱ የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ጣውላ ሆነ። ክቡ ጠርዝ ላይ እርሳስ ስለሚደረግበት ውኃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መርከቧን ተከትሎ አይጎተትም። ገመዱ ከመጠቅለያው እየተተረተረ ሲሄድ አንዱ መርከበኛ የ28 ሰከንድ የአሸዋ ሰዓት ይገለብጣል፤ አሸዋው እስኪያልቅ በእጅ ያለፉት የገመዱ ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ። በቋጠሮዎቹ መካከል 47 ጫማ ከ3 ኢንች (14.4 ሜትር ገደማ) አለ። ርቀቱ የተመረጠው አንድ ቋጠሮ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል እንዲሆን ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ በ3,600 ሰከንድ አካፍሉና በ28 አባዙት። የመርከብ ፍጥነት እስከ ዛሬ በ«ኖት»፣ ማለትም በቋጠሮ፣ የሚነገረው ለዚህ ነው። የገመዱ ርዝመት ከተለወጠ ወይም አሸዋው እርጥበት ይዞ ከዘገየ ልኬቱ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ሁለቱም በየጊዜው ይፈተሹ ነበር።

የተገኘው ቁጥር የሚጻፍበት ደብተር የሎግ ደብተር ተባለ። ከዚያ «ሎግ» ራሱ «መዝግብ» የሚል ግስ ወጣው።

ተማሪ_ነኝ፦
ከግሪኩ «ሎጎስ» አይደለም እንዴ? ሎጂክ፣ ሎጋሪዝም እንደሚባለው?

ቋጠሮ፦
አይደለም፣ ፊደሉ ነው የተገጣጠመው። ሎጂክና ሎጋሪዝም ከግሪክ ናቸው። ይሄኛው ግን የእንግሊዝኛው የግንድ ሎግ ነው።

ተርሚናል፦
ወደ ኮምፒውተር የገባው በ1960ዎቹ ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ. በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት በሠራው ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. በሚባለው ሥርዓት ብዙ ሰው አንድ ማሽን ይጋራ ነበር። የማሽን ሰዓት ውድ ስለሆነ ማን መቼ ጀመረ፣ ስንት ተጠቀመ የሚለው መያዝ ነበረበት። ስለዚህ ተጠቃሚው ሲጀምር «ሎግ ኢን»፣ ሲጨርስ «ሎግ አውት» ይላል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 የኢንተርኔት ቀደምት በሆነው በአርፓኔት የመጀመሪያው መልእክት ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲላክም ሊጻፍ የታሰበው ይኸው ቃል ነበር፤ «ኤል» እና «ኦ» እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ።

ነጠላ_ሰረዝ፦
አጻጻፉ፦ ግስ ከሆነ ሁለት ቃል፣ ስም ወይም ቅጽል ከሆነ አንድ ቃል። መፈተኛው ኃላፊ ጊዜ ነው። «ሎግድ ኢን» ይባላል እንጂ «ሎጊንድ» አይባልም፤ የኃላፊ ጊዜው ምልክት መሐል ከገባ ሁለት ቃል ነው። «ሎግኢን ፔጅ» ላይ ግን መሐሉ ምንም አይገባም። አነጋገሩም ይለያል፤ ግሱ ላይ «ኢን» ጎላ ብሎ ይነገራል፣ ስሙ ላይ «ሎግ»። «ሴት አፕ» እና «ባክ አፕ» በዚሁ ይሄዳሉ።

ተርሚናል፦
በተኑን በተመለከተ «ይመዝገቡ» የሚሉት ታሪኩን አውቀዋል፣ ተጠቃሚውን ግን ያሳስቱታል። በአማርኛ አፖች «ይመዝገቡ» የ«ሳይን አፕ» ቦታ ይዟል። አካውንት ያለው ሰው ያንን ተጭኖ ሁለተኛ አካውንት ሊከፍት ይሞክራል፣ «ይህ ስልክ ቁጥር ተይዟል» የሚል መልስ ይመጣበታል፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይደውላል። «ይግቡ» በሉት። «ግባ» ካላችሁ ሴቷን ትታችኋል፤ «መግቢያ» ደግሞ በተን ላይ ሳይሆን ገጽ አናት ላይ ሲሆን የመጽሐፍ መቅድም ይመስላል።

«ሎግ አውት» ላይ ደግሞ «ውጣ» ብቻ አትጻፉ፣ አፑን የሚዘጋ ይመስላል። «ከአካውንትዎ ይውጡ» ረዘም ቢልም ይሻላል፤ በተኑ ከጠበበ ፊደሉን አሳንሱ እንጂ ቃሉን አትቁረጡት።